የከበሮ መቺውን እጀታ ያዞርሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጨዋ ልጅ ማለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም ነው። ትምህርቱ «አትንካ!» ነው። ከበሮውን አትንካ፣ የአባትህን መቋሚያ አትንካ፣ የእንግዳውን ሬዲዮ አትንካ። ሴት ከሆንሽማ ጭራሽ! እኔ የሺ መባሌን ከማወቄ በፊት ስሜ «አትንኪ» ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ ምን ያስቅሻል መዓዛ? አንቺ የእህቴ ልጅ፣ ወልድያ ተምረሽ አስተማሪ ሆነሽ የመጣሽ፣ ሰሌዳው ላይ እንደ ልብሽ የምትጽፊ፣ የኛን ዘመን ከየት ታውቂዋለሽ! በሉ እናንተም ልጆች ጠጋ በሉ። ቅድም የጠየቃችሁኝን፣ ያን የአስናቀን ቤት ነገር፣ ሰው ሁሉ እንደ አፉ የሚያወራውን፣ እኔ መሃሉ ነበርሁና ከመነሻው ልንገራችሁ።

አስናቀ መስቀል ጠራቢ ነው። ከወይራ እንጨት መስቀል እየጠረበ ለእንግዳ ይሸጥ ነበር። ልጅ ሳለ ዳዊት የደገመው ከባሌ ከመሪጌታ ክንፉ ዘንድ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ታዲያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፣ ጦርነቱ፣ እና እንግዳው ጠፋ፣ ሆቴሉ ሁሉ በሩን ዘጋ፣ መስቀል የሚገዛ ሰው ታጣ። ሌላው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲተክዝ፣ አስናቀ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የተሰበረ ጃንጥላ ይሰበስባል! የብስክሌት ካቴና፣ የዘይት ጣሳ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የበር ማጠፊያ ይሰበስባል። ሚስቱ «ቤቴን ቆሻሻ መጣያ አደረገው» እያለች በየጎረቤቱ አለቀሰች። ታዲያ ከዚያ ከርሞ ከርሞ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርዱ ያለውን ያን ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ጎጆ፣ የእድራችንን ቤት ተከራየና፣ የሠራውን ሁሉ ደርድሮ በሩን ከፈተ። እጀታውን ስታዞሩት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ሁሉም። እንጨት ነው፣ ጣሳ ነው፣ ሽቦ ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ለልጅ በነጻ!

እኔ እንዴት ሄድሁ? በህሊና ምክንያት። ህሊና የልጄ የጌታቸው ልጅ ናት፣ ይቺ የምታውቋት ዓይነ ፈጣኗ። የአባቷን ሬዲዮ ፈታታችው፣ እና ብሎኑን ሁሉ በሰፌድ ላይ አሰልፋ ስትመለከት ደረሰባት። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት፣ «ሰውዬው የት ተቀምጦ እንደሚናገር ላይ ብዬ ነው» አለችው። ጆሮዋን ይዞ «ሁለተኛ እቃ ብትነኪ! ሁለተኛ ብትነኪ!» አላት። ታዲያ ያ ቃል፣ ያ «ብትነኪ» የሚለው፣ እኔን እንደ እሾህ ወጋኝ። «ጌታቸው፣ ልቀቃት» አልሁት። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምታበላሻት» አለኝ። «እንግዲያው ጨርሼ ላበላሻት» አልሁና በቅዳሜው ህሊናን በአንድ እጄ፣ ታናሽ ወንድሟን ናሆምን በአንድ እጄ ይዤ፣ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ሆኜ አስናቀ ቤት ገባሁ።

ስገባ እንደለመድሁት እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ የመሪጌታ ሚስት ሆኜ ቤቴ በተማሪ ሲሞላ እኔ ቆሎ ነው የምቆላ። «ህሊና፣ ምን ይላል? አትንኩ ነው የሚለው?» አልኋት።

«አይ እማምዬ፣ ‘እባክዎ ይንኩ’ ነው የሚለው።»

«ደግመሽ አንብቢ!»

«እባክዎ! ይንኩ!»

አስናቀ ከጥግ ሆኖ ይስቃል። «ይንኩ እንጂ እማማ የሺ፣ ካልነኩትማ ሞቶ ነው የሚቀረው፣ እጅ ነው የሚያስነሣው» አለኝ።

ልጆቹማ ማን ጠበቃቸው! ናሆም ጭላዳዋን አገኘ፣ አንዲት ከወይራ የተጠረበች ጭላዳ፣ ደረቷን ቀይ ቀለም ቀብቷታል፣ እና እጀታውን ስታዞር ብብቷን ታክካለች፣ ታክካለች፣ ከዚያ ዘወር ትልና መቀመጫዋን ታሳያችኋለች! ልጁ መሬት ላይ ተንከባለለ። ህሊና ደግሞ አህያዋ ጋ ነች። ጀሪካን የተጫነች አህያ ዳገት ትወጣለች፣ ጫፍ ልትደርስ ስትል ትንሸራተትና ትመለሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ታዲያ ህሊና አህያዋን አታይም እኮ! ጎንበስ ብላ ከስር ያለውን ጥርሳም ጎማ ነው የምታይ። «እማምዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ጥርስ ተነቅላለች፣ ለዚህ ነው የምትንሸራተት፣ አውቆ ነው የነቀላት!» ትላለች። አስናቀ እንዴት ደስ እንዳለው!

እኔስ? እኔ እንደቆምሁ ነኝ። ልጅ ሆኜ ብልባላ ገበያ ወርጄ የሆነብኝ ትዝ አለኝ። ያኔ የሞተር ወፍጮ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ነው፣ እና ከእናቴ ጋር እህል አስጭነን ሄድን። ያ የሞተሩ ቀበቶ ሲሽከረከር አይቼ አላውቅማ፣ እጄ በራሱ ተዘረጋ። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በበትር ጣቴን አለኝ። እርግጥ ነው፣ ቀበቶው ቢይዘኝ እጄን ይወስደው ነበር፣ መከልከሉስ ደግ። ግን «እጅሽ ይቆረጣል» አላለኝም እኮ! «ሴት የነካችው ሞተር ይበላሻል» ነው ያለኝ! እጄን አይደለም፣ ሞተሩን ነው ያዘነለት! ታዲያ ይህን እያሰብሁ ሳለ ንዴት ይሁን ምን ይሁን፣ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁና ከፊቴ ያለውን እጀታ ያዝሁ። ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም። አዞርሁት።

ዱም አለ።

ቀና ብዬ ሳይ ከበሮ መቺ ነው። ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ከጎኑ ሁለት ባለመቋሚያዎች፣ አንዱ ከቆርኪ የተሠራ ጸናጽል የያዘ። እጀታውን ሳዞረው ባለመቋሚያዎቹ ወደዚህ ወደዚያ ይወዛወዛሉ፣ ልክ የገና ለት ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ሲያሸበሽቡ እንደምታዩዋቸው፣ እና ከበሮ መቺው ቀስ ብሎ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ዱም፣ ዱም። ታዲያ ልክ ከመምታቱ በፊት ራሱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፣ ትከሻውን ከፍ ያደርጋል። እንዲህ። እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ልጆቼ፣ ክንፉ ነው። የኔ ክንፉ ነው።

ፎቶው የለኝም። የነበረን አንድ ፎቶ በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ሲበረበር ጠፋ። መልኩ እየደበዘዘብኝ ነበር፣ ለማንም አልተናገርሁም እንጂ፣ እየደበዘዘብኝ ነበር። እና እዚያ እንጨት ላይ፣ ያ አንገት! «አስናቀ፣ ይህ ማነው?» አልሁት። አንገቱን ደፋ። «የኔታ ናቸው» አለኝ። «ሲመቱ ከእግራቸው ስር ተቀምጬ ነው ያደግሁት፣ እጄ ሌላ ሰው መጥረብ እምቢ አለኝ።» ናሆም መጥቶ ጉልበቴን ያዘና «እማምዬ፣ ይሄ ማነው?» አለኝ። አያቱ ያረፈው እሱ ሳይወለድ ነው። «አያትህ ነው» አልሁት። «ሰላም በለው።» ልጁ እውነት መስሎት እጅ ነሳ።

ታዲያ እኔ እያዞርሁ፣ እንባዬም እየወረደ፣ በሩ ጨለመ። አቶ ውባለም ነው፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ። ውባለም ሲናገር ታውቁታላችሁ፣ ቃሉን እንደ ማር ነው የሚያንጠባጥበው፣ በየመሃሉ «ማለትም» ይላል። «አስናቀ፣ ማለትም፣ ይህ ነገር፣ ማለትም፣ በካህናት ላይ ማላገጥ ነው። በእድሩ ቤት አይሆንም። ወይ ታነሣዋለህ፣ ወይ ማለትም፣ ቤቱን ትለቃለህ። ነገ እድሩ ተሰብስቦ ይወስናል።» እኔን አየኝ፣ እጄንም እጀታው ላይ አየ፣ እና «እርስዎም እመት የሺ? የመሪጌታ ክንፉ ባለቤት?» አለኝና ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

አስናቀ «ይተውት እማማ፣ ከሰው ጋር ከምጣላ ልስበረው» አለኝና መጥረቢያውን አነሣ። ማርያምን! መጥረቢያውን ቀማሁት። «አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ» አልሁት፣ «ሁለተኛ የሚገድልብኝን አልምርም። ነገ ይዘኸው ትመጣለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ፣ ያው ከወይራው ስር። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ውባለም ተነሣና ተናገረ፣ እና አልዋሽም፣ ዝም ብሎ ክፉ ነገር አልተናገረም። «ወገኖቼ» አለ፣ «መስቀላችን በየመንገዱ ተሸጠ፣ ማለትም፣ ዝም አልን። እንግዳው ካሜራውን ይዞ ቅዳሴ መሃል ገባ፣ ዝም አልን። አሁን ደግሞ መሪጌታን የሚያህል ሰው በእጀታ ይዙር? ነገ እኮ ልጆቻችን ካህን ባዩ ቁጥር ‘እጀታው የት ነው’ ብለው ይስቃሉ። አንድ ነገር እንኳ፣ ማለትም፣ የማይነካ ይቅርልን እንጂ!» ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። እኔንም ልቤን ነካ አደረገኝ፣ የማይካድ ነገር አለበትና።

ግን ተነሣሁ። ከሴቶቹ መሃል ተነሣሁ። ጎረቤቴ ቀሚሴን ይዛ «የሺ፣ ተቀመጭ፣ ምን ልትሆኚ ነው» ትለኛለች፣ ቀሚሴን ነጠቅኋት። አስናቀ ያንን ነገር በነጠላ ሸፍኖ ከዛፉ ስር ይዞት ተቀምጧል፣ ህሊና አጠገቡ አለች። «አምጡት» አልሁ። አመጡት። ከፊታቸው አስቀመጥሁትና ነጠላውን ገለጥሁት።

ውባለም «እመት የሺ፣ በሥርዓቱ ይናገሩ፣ ተራ አለ» አለኝ።

«ተራዬ ነው!» አልሁት። «አቶ ውባለም፣ እስከ ትናንት እርስዎ እልዎት ነበር፣ ዛሬ አንተ ልበልህ፣ እናትህ ስታምጥ እጇን የያዝኋት እኔ ነኝና። የሞተው ባል የማነው? የኔ። ስድብ ከሆነ ማን ነው የተሰደበ? እኔ። መጥተህ ‘የሺ፣ ባልሽ ተሰደበ ወይ’ ብለህ ጠየቅኸኝ? አልጠየቅኸኝም። እንግዳ እንግዳ ትላለህ፣ እንግዳው የታለ? መንገዱ ጭር ብሏል። ያየነው እኛ ነን። ይህ ልጅ፣ ናሆም፣ አያቱን አያውቅም፣ ፎቶ የለንም፣ ትናንት አያቱን አየ፣ ሰላም አለው። የቱ ላይ ነው ማላገጡ? ‘የማይነካ ይቅርልን’ ትላለህ። እኔ ሙሉ ዕድሜዬን አትንኪ ተብዬ ኖሬያለሁ፣ የባሌን ከበሮ እንኳ አቧራውን ጠርጌለት አላውቅም፣ ለተማሪ ነበር የሚሰጠው። እሱንም አከበርሁ፣ ሥርዓት ነው። ይሄ ግን መቅደስ አይደለም፣ ጣሳ ነው፣ ቆርኪ ነው፣ የልጅ መጫወቻ ነው፣ እና ባሌን በዚህ እጄ ዳግም አይቸዋለሁ። አንሥቶ የሚጥለው ሰው ካለ ይምጣ፣ መጀመሪያ እኔን ያነሣኛል!»

ከዚያ ከፊት ከሽማግሌዎቹ መሃል አባ ተክሌ ድምፃቸውን አሰሙ። አባ ተክሌ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ከክንፉ ጋር አብረው ያገለገሉ ናቸው። «ወለተ ጻድቅ» አሉኝ፣ በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ፣ «እኔ እኮ ሁላችሁም የምትጨቃጨቁበትን ነገር አላየሁትም። እጄን ምሪኝ።»

ውባለም «አባ፣ እርስዎማ አይንኩት» አለ።

«ለምን አልነካም? ዓይን ያለው በዓይኑ ፈረደ፣ እኔ በምን ልፍረድ?» አሉ። እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። ጣታቸውን ጥምጥሙ ላይ አስቀመጥሁት። «ህሊና፣ አዙሪ» አልኋት። ቀስ ብላ አዞረች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ጣታቸው እንዳይቆነጠጥ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ጣታቸው ከጥምጥሙ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ትከሻው ወረደ። ያ ትከሻ ከፍ ሲል አባ እጃቸውን እዚያው አቆሙ። ህሊናም ቆመች። «ድገሚ ልጄ» አሏት። ደገመች። ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታው እንባ ሆነ፣ እና «ክንፉ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ትከሻህን አልተውኸውም?» አሉት። ለእንጨቱ! «ስንቴ ‘ቀጥ በል’ ብየሃለሁ!»

ኋላ ካሉት ሴቶች አንዷ እልል አለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ባገኛት እስማታለሁ። አባ ተክሌ ዘወር ብለው «ማላገጥ የሚያላግጥ ሰው ልብ ውስጥ ነው» አሉ። «ይህን የሠራው ልጅ ልቡ አልቅሶ ነው የሠራው፣ በጣቴ ያዝሁት። እኔ ክፉ አላገኘሁበትም።»

ታዲያ ምን ቀረ? ቤቱ ለአስናቀ ይጽና ተባለ። ውባለም ግን ዳኛ አይደለም? ባዶ እጁን አይሄድማ። «እሺ፣ ማለትም፣ ሁለት ነገር ይያዝልኝ» አለ። «በዐቢይ ጾም ከበሮው አይዙር።» እኔ ይህን ሰማሁት። ክንፉም በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም ነበር፣ እንጨት ሆኖስ ለምን ሥርዓት ያፈርሳል? ስለዚህ በጾሙ አስናቀ በነጭ ሻሽ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፣ እና ትንሣኤ ሲሆን እኔ ነኝ የምገልጠው። «ሁለተኛው» አለ ውባለም፣ «ሴቶች ልጆች፣ ማለትም፣ መዘውሩን ባይነኩ ደግ ነው፣ ለጨዋነታቸው።»

አሄሄ! ይኸኛውንስ! «ይህን አልሰማሁም» አልሁት። «ጆሮዬ አርጅቷል፣ ድገምልኝ።» ደገመው። «አሁንም አልሰማሁም» አልሁት። ሦስተኛ ሲጀምር ሰው በሳቅ አለቀ፣ አባ ተክሌም ሳቁ፣ ውባለም ተቀመጠ። እና በቅዳሜው የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ ሰብስቤ ወሰድሁ። ከህሊና ጋር የሚማሩትን፣ የጎረቤቶቼን፣ ገበያ ከእናታቸው ጋር የወረዱትን የገጠር ልጆች ሳይቀር ከመንገድ እየጠራሁ «ግቡ፣ ንኩ!» አልኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሲቆሙ አየኋቸው። እያንዳንዷን እጇን ከኋላዋ አወጣሁና እጀታው ላይ አኖርሁት። ጠቅላላ ቤቱ ተንቀሳቀሰ! ጭላዳዋ ታክካለች፣ አህያዋ ትወጣለች፣ ክንፉ ከበሮውን ይመታል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እና እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገደኛውን አየዋለሁ፣ ተቆጪ ካለ ይምጣ ብዬ። የመጣ የለም።

ህሊና አሁን ከትምህርት ስትመለስ አስናቀ ዘንድ ነች። የሚራገጥ ፍየል ከጣሳ ሠርታለች፣ አባቷ ያጉረመርማል፣ ግን ሰው ሲመጣ «ይህን ልጄ ናት የሠራችው» ሲል በጆሮዬ ሰምቸዋለሁ። ውባለም ሰላም አይለኝም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኘኝ ወደ ሰማይ ያያል፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው። ይይ! አንገቱ ሲደክመው ያወርደዋል።

እኔ ይህን ነው የምላችሁ ልጆቼ። ሥርዓት አፍርሱ አላልኋችሁም፣ መቅደሱን መቅደስ፣ መጫወቻውን መጫወቻ በሉ። ግን አንድ ሰው «አትንኪ» ሲልሽ መጀመሪያ «ለምን?» በይው። ይቆርጥሻል ካለሽ አመስግኚው። ሴት ስለሆንሽ ካለሽ ግን ዓይኑን እያየሽ ንኪው።

መዓዛ ደነገጠች መሰለኝ፤ «ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ! አቶ ውባለም ቤታቸው እኮ ከዚህ አጥር ወዲያ ነው፣ ይሰሙዎታል» አለችኝ።

«ምን ነካሽ መዓዛ? ለማን መስሎሽ ነው ጮክ ብዬ የማወራው!»